የሰውን ድምፅ ስለ መቁረጥ

ቃል የጋራ ሀብት ነው። ከእናት፣ ከጎረቤት፣ ከገበያ፣ ከመጽሐፍ ተለቃቅሞ በያንዳንዳችን አንደበት ያድራል፤ ማንም ሰው ተነሥቶ «ይህ ቃል የእኔ ብቻ ነው» ሊል አይችልም። ተናጋሪው የብቻው አድርጎ የሚይዘው ነገር ቢኖር ቃሉን የሚያወጣበት እስትንፋስ፣ ከመልሱ በፊት የሚወስደው ዝምታ፣ ሲጠራጠር የሚንተባተበው መንተባተብ ነው። የምናውቀውን ሰው ፊቱን ሳናይ በድምፁ የምንለየው በእነዚህ ነው እንጂ በሚያውቃቸው ቃላት ብዛት አይደለም። ታዲያ የሌላውን ሰው ንግግር በመሣሪያ የቀዳ ሰው፣ ይህንኑ የብቻ ሀብት ቆርጦ ለመጣል፣ ከቦታ ወደ ቦታ ለማዛወር፣ ለማሳጠርና ለማስረዘም ሥልጣኑን ያገኘው ከማን ነው? ሥልጣኑ አለው ከተባለስ ወሰኑ የት ላይ ነው?

ጥያቄው ቀድሞ የጥቂቶች ጥያቄ ነበር። መቅረጸ ድምፅ ይዞ ለመንቀሳቀስ የሚችሉት የሬዲዮ ጣቢያዎችና አንዳንድ የጥናት ተቋማት ስለ ነበሩ፣ ድምፅን የመቁረጥ ሥነ ምግባርም የአንድ ሙያ የውስጥ ጉዳይ ሆኖ ቆይቷል። ዛሬ ሁኔታው ፈጽሞ ተለውጧል። «ፖድካስት» የሚለው ቃል እ.ኤ.አ. በ2004 ጋርዲያን በተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ ላይ ከወጣ ወዲህ ባሉት ዓመታት ውስጥ፣ የእጅ ስልክና አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ያለው መምህር፣ ተማሪ፣ የቴአትር ክበብ አባል ሁሉ የየራሱ ሬዲዮ ጣቢያ ለመሆን በቅቷል። ምላጩ ከባለሙያው እጅ ወጥቶ በሕዝብ እጅ ገብቷል ማለት ነው። ይህ በመሠረቱ መልካም ነገር ነው። መልካም መሆኑ ግን ከላይ ያነሣነውን ጥያቄ የበለጠ አስቸኳይ ያደርገዋል እንጂ አያስቀረውም።

ለዚህ መስፋፋት ከፍ ያለ ድርሻ ካበረከቱት መሣሪያዎች አንዱ ኦዳሲቲ የተባለው ፕሮግራም ነው። ዶሚኒክ ማዞኒና ሮጀር ዳነንበርግ የተባሉ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ጀመሩት፤ በ2000 ደግሞ ለሕዝብ ለቀቁት። ስሙ በእንግሊዝኛ «ድፍረት» ማለት ነው፤ ስያሜው ለያዝነው ጉዳይ ታስቦ የወጣ ባይሆንም ሳይስማማው አይቀርም። ፕሮግራሙ ገንዘብ አይጠየቅበትም። ከዚህም በላይ ነፃ ነው።

እዚህ ላይ ቋንቋችን አንድ የረቀቀ ልዩነት ያውቃል። «በነፃ» እና «ነፃ» በአንዲት ፊደል ብቻ ይለያያሉ፤ የመጀመሪያው ስለ ዋጋ፣ ሁለተኛው ስለ አርነት ይናገራል። እንግሊዝኛ ለሁለቱም ያለው አንድ ቃል ስለ ሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 ጂኤንዩ የተባለውን የነፃ ሶፍትዌር እቅድ ያወጀው ሪቻርድ ስቶልማን «እኔ የምናገረው ስለ ዋጋ አይደለም» እያለ ሲያስረዳ ኖሯል። እኛ በአንዲት «በ» የምንገላገለውን ነገር ማለት ነው። ነፃ ሶፍትዌር ማለት ተጠቃሚው ፕሮግራሙን ለፈለገው ተግባር ሊያውለው፣ የተጻፈበትን ኮድ ከፍቶ ሊያጠናውና ሊለውጠው፣ ለሌላው ሊያካፍለው፣ የለወጠውንም ቢሆን ሊያሠራጨው የሚችል ማለት ነው። ትልቅ ነፃነት ነው። ይሁን እንጂ ይህ ነፃነት በመሣሪያው ላይ ያለ ነፃነት ነው፤ በመሣሪያው ውስጥ ስለሚያልፈው የሰው ድምፅ አንዳች አይናገርም። ገበሬ ማረሻው የራሱ ስለ ሆነ ብቻ የጎረቤቱን ማሳ አያርስም።

ድምፅን ቆርጦ መስፋት ዛሬ የተጀመረ ተግባር አለመሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። በቴፕ ዘመን ቆራጩ ክሩን በመሣሪያው ራስ ላይ በእጁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያንቀሳቀሰ ቦታውን ካገኘ በኋላ በምላጭ ሰያፍ አድርጎ ይቆርጠውና ሁለቱን ጫፎች በማጣበቂያ ያገናኛቸዋል። ቴፑ በሴኮንድ 38 ሳንቲ ሜትር የሚሮጥ ከሆነ የሁለት ሴኮንድ ዝምታ 76 ሳንቲ ሜትር ሆኖ መሬት ላይ ይወድቃል። ቆራጩ የጣለውን በዓይኑ ያያል፤ በእግሩ ይረግጠዋል፤ ከተጸጸተም ጎንበስ ብሎ ያነሣዋል።

ጃክ ሙሊን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ማግኔቶፎን የተባሉትን የጀርመን መቅረጸ ድምፆች ወደ አገሩ ይዞ ተመለሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1947 በእነርሱ የዘፋኙን የቢንግ ክሮዝቢን የሬዲዮ ዝግጅት መቅዳትና መቁረጥ ጀመረ። ሙሊን ኋላ እንደ ተረከው፣ አንድ ጊዜ አንድ ቀልደኛ በዝግጅቱ ላይ ቀርቦ ታዳሚውን እጅግ አሣቀ፤ ቀልዶቹ ግን ብልግና ስለ ነበረባቸው በሬዲዮ ሊተላለፉ አልቻሉም። ቀልዶቹ ተቆርጠው ወጡ፤ ሣቁ ግን ተቀመጠ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እምብዛም የማያሥቅ ዝግጅት ሲያጋጥም ያ የተቀመጠው ሣቅ ወጥቶ ተቀጠለበት።

ይህን ታሪክ በጥሞና ልንመለከተው ይገባል። ሣቁ የውሸት ሣቅ አልነበረም፤ ሰዎቹ በእርግጥ ሥቀዋል። በኋላ የተነገረውም ቀልድ በእርግጥ ተነግሯል። እያንዳንዱ ቁራጭ ለየብቻው ቢመረመር እውነት ነው። ሐሰቱ ያለው በስፌቱ ላይ ነው። ከሰው ንግግር ጋር በተያያዘ የሚፈጸም በደል ሁሉ ባብዛኛው እንዲህ ያለ ነው፤ ያልተባለ ቃል አይጨመርም፣ የተባለው ግን ካልተጠየቀው ጥያቄ አጠገብ ይቀመጣል። ተበዳዩ «ይህን አላልኩም» ብሎ ለመከራከር አይችልም። ብሏላ!

በኮምፒዩተር ላይ ስፌቱ እንኳ አይታይም። ማይክሮፎኑ የተቀበለው ድምፅ በእያንዳንዱ ሴኮንድ ውስጥ ብዙውን ጊዜ 44,100 ጊዜ እየተለካ ወደ ቁጥር ይለወጣል፤ ኦዳሲቲም ያንን ቁጥር እንደ ተራራና ሸለቆ አድርጎ በመስኮቱ ላይ ይዘረጋዋል። ቃል ተራራ ነው፤ ዝምታ ሜዳ ነው። አዲስ ቆራጭ ዘወትር የሚፈተነው በዚህ ሥዕል ነው። ሜዳው ለዓይን ባዶ ይመስላልና እጁ ወደዚያ ይሄዳል። ጆሮው ሳይሆን ዓይኑ ይፈርዳል። ፕሮግራሙ ደግሞ ለዚህ ፈተና የተዘጋጀ ትእዛዝ አለው፤ ከተወሰነ መጠን በታች ዝቅ ያለውን ድምፅ ሁሉ ዝምታ ነው ብሎ ይቆጥርና፣ ሌላ ካልታዘዘ በቀር፣ ከግማሽ ሴኮንድ የበለጠውን እያሳጠረ በአንድ ጊዜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያስተካክለዋል። ዝቅ ባለ ድምፅ ዓረፍተ ነገሩን የሚጨርስ ሰው፣ ለምሳሌ ሽማግሌ ወይም ኀዘንተኛ፣ በዚህ መለኪያ ዝም እንዳለ ይቆጠራል።

ሌላው ትእዛዝ ሁካታን የሚቀንሰው ነው። ቆራጩ ማንም ያልተናገረበትን የቅጂውን ክፍል ለአብነት ያህል ይመርጥና «ሁካታ ማለት ይህ ነው» ብሎ ለማሽኑ ያሳየዋል፤ ማሽኑ ያንን ባሕርይ አጥንቶ ከቀረው ቅጂ ላይ ይቀንሰዋል። የማቀዝቀዣ እምምታ፣ የሩቅ ወፍጮ፣ የጣራ ላይ ነፋስ ይጠፋል። በእጅጉ የሚረዳ ነገር ነው። ነገር ግን እስትንፋስም በድምፅነቱ ነፋስ ነው፤ ማሽኑም እስትንፋስን ከነፋስ ለይቶ የሚያውቅበት ኅሊና የለውም።

ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ የትርጉም ጉዳይ ነው። «ይመታል» የሚለውን ቃል እንውሰድ። በጽሕፈት አንድ ነው። ሲነገር ግን ላልቶ ከተነበበ ሰውየው መቺ ነው፤ «መ»ና «ታ» ከጠበቁ ሰውየው ተመቺ ነው። የ«ታ» መጥበቅ ደግሞ በድምፅ ረገድ ሲታይ ምላስ አየሩን ዘግቶ የሚቆይበት ቅጽበት፣ ማለትም ዝምታ ነው። በዳይን ከተበዳይ የሚለየው ከዓይን ርግብታ ያነሰ ዝምታ ሆነ ማለት ነው። እርግጥ ነው፣ ይህ ቅጽበት ከግማሽ ሴኮንድ እጅግ ስለሚያንስ ማሽኑ ካልታዘዘ በስተቀር አይነካውም። ንግግሩን «ለማፍጠን» ሲል መለኪያውን ወደ ታች የሚያወርድና በእጁም ሜዳ ሜዳውን እየለቀመ የሚቆርጥ ትዕግሥት የለሽ ሰው ግን ሊነካው ይችላል።

ከዚህ የከበደው የ«አዎን» ጉዳይ ነው። የአገራችን ሰው «አዎን» ለማለት ዘወትር ቃል አያወጣም፤ አየሩን ባጭሩ ወደ ውስጥ ይስበዋል። እንግዳ ሰው የደነገጠ ይመስለዋል። እኛ ግን መስማማቱን፣ መቀበሉን፣ አንዳንዴም መማሉን እናውቃለን። በሌላው ዓለም የድምፅ አስተካካዮች ጠርገው ከሚጥሏቸው ነገሮች አንዱ ይኸው የእስትንፋስ ድምፅ ነው።

የማውቃት አንዲት የቴአትር ተማሪ በሰሜን ሸዋ የገጠር ቀበሌ የሚኖሩ አያቷን በእጅ ስልኳ ቀዳች። ስለ ልጅነታቸው፣ ስለ ሠርጋቸው፣ ስለ ፈትላቸው አወጓት። ከታላቅ ወንድማቸው ጋር በመሬት ወሰን ምክንያት ብዙ ዓመት ስለ መቃቃራቸውም ሳይደብቁ ነገሯት። ልጅቱም በመጨረሻ «እማማ፣ ይቅር ብለዋቸዋል?» ስትል ጠየቀቻቸው። አሮጊቷ ጥቂት ቆዩና አየሩን ወደ ውስጥ ሳቡት። መልሱ ይህ ነበር። ልጅቱ ሰምታ ተረድታለች፤ ስለ ተረዳችም ወደሚቀጥለው ጥያቄ አልፋለች። ወደ ከተማ ተመልሳ ቅጂውን በኦዳሲቲ ስታጸዳ ግን በግቢው ይነፍስ የነበረውን ነፋስ ለመቀነስ ስትል ትእዛዙን በጠቅላላው ላይ ሰጠች፤ ቀጥላም ዝምታውን አሳጠረች። «ይቅር ብለዋቸዋል?» ከሚለው ጥያቄ በኋላ የግማሽ ሴኮንድ ባዶነት መጣ፤ ከዚያ ስለ ዝናቡ ይወራል። ሥራው ንጹሕ ነበር። የወንድምየው ልጆች ስልካቸው ላይ ከፍተው ለአባታቸው አሰሟቸው። እኒያ ሽማግሌ ከዚያ በኋላ በአንድ የዘመድ ለቅሶ ላይ ከእኅታቸው ርቀው ተቀመጡ። ምክንያቱን የጠየቃቸው አልነበረም፤ አሮጊቷም ምን እንዳጠፉ አላወቁም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው የለም። ጉዳዩን ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ስለ ተንኮለኛው ቆራጭ ብዙ ተጽፏል፤ ሕግም ያውቀዋል። ንጽሕናን የሚወደው ቅን ቆራጭ ግን ገና አልተመረመረም።

ንጽሕና ራሱ ከየት የመጣ መለኪያ ነው? ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ ያዳመጠ ሰው፣ ትረካው ግማሽ በግማሽ በዝምታ የተሠራ እንደ ነበረ ይመሰክራል። ገጸ ባሕርዩ ሊናገር ከንፈሩን ከፍቶ የተወበትን ቦታ እንኳ አድማጩ ይሰማው ነበር። ያንን ትረካ ዝምታ ለሚያሳጥረው ትእዛዝ አሳልፎ የሚሰጥ ሰው ቢገኝ ሁላችንም እንጮህ ነበር። ስለ ወጋየሁ የምንጮኸው ዝምታው የጥበብ ሥራ መሆኑን ስለምናውቅ ነው። የፈታይዋ አሮጊት ዝምታ ግን ጥበብ ሳይሆን ጉድለት ሆኖ ይታየናል። ይህ ልዩነት ከድምፅ ትምህርት የመጣ አይደለም፤ ማንን ማክበር እንደሚገባን ከያዝነው አስተሳሰብ የመጣ ነው።

አንዳንድ ሰዎች ከዚህ ተነሥተው «እንግዲያው ምንም አይቆረጥ» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ያልተቆረጠ ሁሉ እውነት አይደለም፤ ማይክሮፎኑን የት እንደሚያኖር፣ ምን እንደሚጠይቅ፣ መቼ እንደሚያጠፋው የወሰነ ሰው ገና ከመነሻው ቆርጧል። ደግሞም ሁለት ሰዓት የተንዛዛ ንግግር ማንም ሳያዳምጠው ቢቀር ተናጋሪው ተከበረ አይባልም። የተደጋገመውን ማስቀረት፣ የተሳሳተ ስም ጠርቶ «ይቅርታ» ብሎ ያረመውን ሰው እርማቱን ብቻ ማቆየት፣ ሳሉን ማውጣት ውለታ ነው። የተውኔት ጸሐፊ እንደ መሆኔም መቁረጥ የዕለት ሥራዬ ነው። ነገር ግን የምቆርጠው የገጸ ባሕርይ ንግግር ነው። ገጸ ባሕርይ ጎረቤት የለውም፤ ወንድም የለውም፤ ነገ ለቅሶ ቤት አይሄድም።

የሰዎችን እውነተኛ ንግግር እንደ ሙዚቃ አድርጎ መድረስም ይቻላል። የካናዳው ፒያኖ ተጫዋች ግሌን ጉልድ እ.ኤ.አ. በ1967 ለአገሩ ሬዲዮ ባዘጋጀው ስለ ሰሜኑ ምድር በሚተርክ ሥራ፣ ለየብቻቸው ያነጋገራቸውን አምስት ሰዎች ድምፅ እርስ በርሱ እየደራረበ ያልተካሄደ ውይይት ያካሄዱ ያህል አድርጎ አቀናብሮታል። አንዱ ሲናገር ሌላው ይገባበታል፤ ሁለቱም ይሰማሉ፤ አንዳቸውም ሙሉ በሙሉ አይሰሙም። ይህ በደል ነውን? አይመስለኝም። ድምፆቹ ሲደራረቡ በጆሮ የሰማ ሰው ሁሉ የተቀናበረ ድርሰት እያዳመጠ መሆኑን ያውቃል። ስፌቱ አልተደበቀም። በሙሊንና በጉልድ መካከል ያለው ልዩነት የምላጩ ብዛት አይደለም፤ ከተቆጠረ ጉልድ ይበልጥ ቆርጧል።

እዚህ ላይ ወደ ነፃው ሶፍትዌር መመለስ ግድ ይሆናል፤ ምክንያቱም መልሱ እዚያው ተጽፎ ስለሚገኝ ነው። ኦዳሲቲ የተለቀቀበት የጂኤንዩ አጠቃላይ የሕዝብ ፈቃድ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣው ሁለተኛ እትሙ፣ ፕሮግራሙን ለመለወጥ ሙሉ መብት ከሰጠ በኋላ በዚያ ላይ አንድ ግዴታ ይጥላል። የለወጠውን የሚያሠራጭ ሰው በነካቸው ፋይሎች ላይ መለወጣቸውንና የለወጠበትን ቀን በግልጽ ማመልከት አለበት። ፈቃዱ ለምን እንደ ለወጠ አይጠይቀውም፤ የደራሲውን ፈቃድም ቀርቦ እንዲለምን አያስገድደውም። «ይህን እኔ ነክቼዋለሁ» በል ብቻ ይለዋል። አለበለዚያ የአንዱ ስሕተት በሌላው ስም ይኖራልና።

እንግዲህ ነገሩ ግልጽ ነው። በፕሮግራሙ ኮድ ላይ አንዲት መስመር የለወጠ ሰው መለወጡን ማስታወቅ ሲኖርበት፣ በዚያው ፕሮግራም የአንዲትን አሮጊት መልስ ያጠፋ ሰው ግን ምንም ለማለት አይገደድም። ለኮድ የሰጠነውን ክብር ለእስትንፋስ ነፍገናል። በ2021 (እ.ኤ.አ.) ኦዳሲቲ ሙዝ ግሩፕ በተባለ ኩባንያ ይዞታ ሥር ሲገባና የተጠቃሚዎችን መረጃ ስለ መሰብሰብ ሲነገር ትልቅ ቁጣ ተነሥቶ ነበር፤ አንዳንዶቹም በነፃነቱ መሠረት ኮዱን ወስደው በሌላ ስም የራሳቸውን ቅጂ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። መቆጣታቸው ተገቢ ነበር። ስለ ራሳቸው መረጃ እንዲህ የነቁ ሰዎች በዚያው መስኮት ውስጥ ስለሚያልፈው የሌላ ሰው ድምፅ ያን ያህል ሲነጋገሩ ግን አልሰማሁም።

ይህን ግዴታ ወደ ድምፅ ሥራ ማምጣት ከባድ አይደለም። በዝግጅቱ መግቢያ ላይ «ይህ ውይይት አጥሮ ቀርቧል፤ የጥያቄዎቹ ቅደም ተከተል ተለውጧል» ማለት አምስት ሴኮንድ አይፈጅም። ጥሬውን ቅጂ ማስቀመጥም ውድ አይደለም፤ በአንድ መሥመር የተቀዳ ያልታመቀ የአንድ ሰዓት ድምፅ ከ320 ሜጋባይት አይበልጥም። ጥሬው ካለ ማንኛውም ስፌት ሊፈታ ይችላል። የሚከብደው ሦስተኛው ነው፤ ተናጋሪው ከመተላለፉ በፊት እንዲያዳምጠው ማድረግ። በዚህ ረገድ ያለንበት ልማድ የተገለበጠ ነው። ባለሥልጣኑና ታዋቂው ሰው ቃለ ምልልሱ አስቀድሞ እንዲደርሰው ይጠይቃል፤ ይደርሰዋል፤ ያስቆርጣል። ለሸማኔውና ለገበሬው ግን የሚያስታውስላቸው የለም። በእኔ አስተያየት መሆን ያለበት ተቃራኒው ነው። በሕዝብ ፊት የሚጠየቅ ሰው የተናገረውን እንዲያጠፋ ዕድል ሊሰጠው አይገባም። የሚከራከርለት መድረክ የሌለው ሰው ግን የራሱን ድምፅ ማንም ሳይሰማው አስቀድሞ ሊሰማው ይገባል። ደንቡ ለሁሉም እኩል ይሁን የሚሉኝ አሉ፤ ምላጩ በሁሉም ላይ እኩል ቢያርፍ ኖሮ እስማማ ነበር።

ተማሪዋ ጥሬውን ቅጂ ከስልኳ ላይ አላጠፋችውም ነበር። የለቅሶውን ነገር በሰማች ጊዜ ፋይሉን ከፍታ ያቺን እስትንፋስ ፈለገቻት፤ በነፋሱ መካከል ደከም ብላ አገኘቻት። አድማጭ እንዲያውቃት ስትል ድምፁን ከፍ አደረገችው፤ በመግቢያውም ላይ ቀድሞ የተላለፈው ተቆርጦ እንደ ነበርና አሁን መልሱ ወደ ቦታው እንደ ተመለሰ ተናገረች። ከመልቀቋ በፊት ግን ይዛው ወደ አያቷ ዘንድ ሄደች። አሮጊቷ ስልኩን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው እስከ መጨረሻው አዳመጡ፤ ያንን ቦታ ደግማ እንድታሰማቸውም ጠየቋት።

«ልጄ፣ እኔ እንዲህ አድርጌ አልጮህኩም» አሏት። «ቀስ ብዬ ነው ያልኩት።»

ልጅቱም ወደ ቀድሞው መጠን መለሰችው።